ልጁ «ዘሎ ገባ» ወይስ መንገዱ አልተዘጋጀለትም? ወደ ትምህርት ቤት የሚወስዱ የሰፈር መንገዶች ጉዳይ

አንድ ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ መኪና በገጨው ቁጥር ቀድማ የምትሰማው ዓረፍተ ነገር አንድ ናት፤ «ልጁ ዘሎ ገባ»። ከዚያ ወላጅ ይወቀሳል። አሽከርካሪው ይወቀሳል። ትምህርት ቤቱ ስለ መንገድ አቋራረጥ ገለጻ እንዲሰጥ ይጠየቃል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወሬው ይበርዳል፤ መንገዱ ግን እንደነበረ ነው።

በ2025 የወጡ ሁለት ዜናዎች ይህንን ክርክር እንደገና አስነስተዋል (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ከፊንላንድ ዋና ከተማ ከሄልሲንኪ የመጣ ነው። ወደ 700 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ያላት ይህች ከተማ በሐምሌ ወር ላይ፣ በ12 ወራት ውስጥ በትራፊክ አደጋ አንድም ሰው እንዳልሞተባት አስታወቀች። ከግማሽ በላይ በሆኑት ጎዳናዎቿ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያው ዓመት በትምህርት ቤቶች ዙሪያም ፍጥነቱ ወደ 30 እንዲወርድ ወስናለች።

ሁለተኛው ዜና ከካናዳ ነው። የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የፍጥነት መቆጣጠሪያ ካሜራዎችን በሕግ ከለከለ። በትምህርት ቤት አካባቢ የነበሩትም አልቀሩም። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ግን የቶሮንቶው የሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ወጥቶ ነበር። ካሜራ በተተከለባቸው የትምህርት ቤት አካባቢዎች ከተፈቀደው በላይ የሚነዱ መኪኖች ድርሻ በ45 በመቶ ቀንሷል ይላል።

አንዱ ፍጥነቱን ዝቅ አደረገ፣ ሌላው መቆጣጠሪያውን ነቀለ። ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ለመሆኑ አንድ የሰፈር መንገድ ለተማሪ ደህና የሚሆነው በምንድን ነው? በትምህርት? በካሜራ? በቅጣት? ወይስ በመንገዱ አሠራር? የዚህ ጽሑፍ መልስ ወደ መጨረሻው ያደላል። ለምን እንደሆነ ከልጁ እንጀምር።

የልጅ ዓይን የሚያየውና የማያየው

የሰባት ዓመት ልጅ ቁመቱ በአማካይ 1.2 ሜትር አካባቢ ነው። አንድ ተራ የቤት መኪና ወደ 1.45 ሜትር ከፍታ አለው። ስለዚህ በመንገድ ዳር ከቆሙ ሁለት መኪኖች መሃል የቆመ ልጅ የሚመጣውን አያይም። የሚመጣውም እሱን አያየውም። ለማየት ከፈለገ አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ወደ አስፋልቱ መውጣት አለበት። ይህንን ሲያደርግ ከመሪው ጀርባ ያለው ሰው ምን ያያል? ባዶ ከነበረ ቦታ ድንገት ብቅ ያለ ልጅ። «ዘሎ ገባ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ከዚህ ይወለዳል። አሽከርካሪው አልዋሸም። ልጁም አልዘለለም። ሁለቱን ያጋጨው የቆሙት መኪኖች የሠሩት ግድግዳ ነው።

ነገሩ በቁመት ብቻ አያበቃም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የሮያል ሆሎዌይ ተመራማሪዎች የልጆች ዓይን ወደ እነሱ የሚመጣን መኪና እንዴት እንደሚረዳ መርምረዋል። መኪና ሲቀርብ በዓይናችን ውስጥ ምስሉ እየሰፋ ይሄዳል። አእምሮ ፍጥነትን የሚገምተው ከዚህ መስፋት ነው። የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ግን በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ የሚመጣን መኪና መቅረቡን በአስተማማኝ ሁኔታ መለየት አይችሉም። በፍጥነት የሚመጣው መኪና የቆመ ሊመስላቸው ይችላል። በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በ2017 ባወጡት ሥራ ልጆችን በኮምፒውተር በተሠራ ጎዳና ላይ አሻግረዋል። መኪና የሚመላለስበትን መንገድ እንደ አዋቂ በእርግጠኝነት መሻገር የቻሉት 14 ዓመት ገደማ ሲደርሱ ነው።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልጁ ጎበዝ ቢሆን፣ ቢመከር፣ ግራና ቀኙን ቢያይ እንኳ ዓይኑ ገና አልደረሰም ማለት ነው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃዎችን የሚገመግም ተቋም በ2002 ያወጣው ግምገማ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ስለ መንገድ አቋራረጥ ማስተማር የልጆችን እውቀትና አንዳንዴም ባህሪያቸውን ይለውጣል። ጉዳትን ለመቀነሱ ግን ማስረጃ አልተገኘም። ትምህርት አያስፈልግም ማለት አይደለም። ብቻውን ግን ሸክሙን መሸከም አይችልም፤ ያንን ሸክም ደግሞ የምንጭነው በትንሹ ትከሻ ላይ ነው።

30 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ?

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚለውን ገደብ ብዙ አሽከርካሪዎች የቢሮ ሰዎች ያወጡት ዘፈቀደ ቁጥር አድርገው ያዩታል። በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል።

በ30 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 8 ሜትር ይጓዛል። በ50 የሚሄደው 14 ሜትር። አንድ ንቁ አሽከርካሪ ልጅ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ይወስድበታል እንበል። ከዚያ በደረቅ አስፋልት ላይ የ30ው መኪና በ5 ሜትር ያህል ውስጥ ይቆማል። በድምሩ 13 ሜትር። የ50ው መኪና ግን በዚያች 13ኛ ሜትር ላይ ፍሬኑን ገና አልነካም። የመጀመሪያው መኪና ቆሞ ልጁን በሚያይበት ቦታ ላይ ሁለተኛው በሙሉ ፍጥነቱ ይገጨዋል። የሚያርፈው ጉልበትም በእጥፍ የሚቆም አይደለም፤ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፤ የግጭት ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር፣ ማለትም ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነውና።

ከልጁ በኩልም ስሌቱ ይለወጣል። 7 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ በሰከንድ አንድ ሜትር እየተራመደ ለማቋረጥ 7 ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ የ50ው መኪና ወደ 100 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ልጁ መቶ ሜትር ርቆ ያለን መኪና አይቶ «ይደርስብኛል ወይስ አይደርስብኝም» ብሎ መወሰን አለበት። በ30 ከሆነ ርቀቱ ከ60 ሜትር በታች ይወርዳል። ያም ለልጅ ቀላል ባይሆንም ከመጀመሪያው ይሻላል።

በ2020 በስዊድን ስቶክሆልም የተሰበሰቡ የመንግሥታት ተወካዮች ያወጡት የመንገድ ደህንነት መግለጫ እግረኛና መኪና በብዛት በሚቀላቀሉበት ቦታ ገደቡ 30 እንዲሆን የጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። ጃፓንም በመካከላቸው መስመር ያልተሰመረባቸውን ጠባብ የሰፈር መንገዶች መደበኛ ፍጥነት ከ60 ወደ 30 ዝቅ ለማድረግ ወስናለች። ተግባራዊ የሚሆነው ከሴፕቴምበር 2026 ጀምሮ ነው።

ታዲያ ሰሌዳ መትከል ይበቃል? አይበቃም። ሰፊና ቀጥ ያለ መንገድ ራሱ «ንዳ» ይላል። 30 የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ ጎዳናው እንደ አውራ ጎዳና ከተዘረጋ፣ እግር የሚታዘዘው ለጎዳናው ነው። ፍጥነት የሚወርደው መንገዱ ራሱ ሲያስገድድ ነው፤ ጉብታ ሲኖረው፣ ማቋረጫው ከፍ ተደርጎ ሲሠራ፣ መታጠፊያው ሲጠብብ፣ የእግረኛው ጠርዝ ወደ መሃል ወጣ ብሎ የሚቋረጠውን ርቀት ሲያሳጥር። ይህ የመጨረሻው ሌላም ጥቅም አለው። መኪና ማቋረጫው አጠገብ እንዳይቆም ቦታውን ይይዝበታል፤ ያ ከላይ ያየነው የቆሙ መኪኖች ግድግዳም ይፈርሳል።

ከትምህርት ቤቱ በር ያለፈ ነገር

የተለመደው ስህተት ሥራው ሁሉ በሩ ፊት ለፊት ማለቁ ነው። ዜብራ ይቀባል፣ ጉብታ ይሠራል፣ ሰሌዳ ይተከላል፣ ፎቶ ይነሳል። ተማሪው ግን የሚመጣው ከአንድ ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ርቆ ነው። ዘጠኝ መቶ ሜትሩ ደልዳላ ሆኖ መሃል ላይ ክዳን የሌለው ቱቦ ካለ፣ በዊልቸር ለሚሄድ ልጅ ያ መንገድ ዝግ ነው። መንገዱ ሁሉ መብራት ኖሮት አንድ ጨለማ ጥግ ካለው፣ ወላጅ ልጁን ብቻውን ላለመላክ የሚወስነው በዚያ ጥግ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በሙያው ያሉ ሰዎች የሚጀምሩት «የእግር ኦዲት» በሚሉት ሥራ ነው። ኦዲት ስንል ገንዘብ መቁጠር አይደለም። መንገዱን ከተማሪዎች ጋር፣ ተማሪዎች በሚሄዱበት ሰዓት፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ በእግር ሄዶ ችግሩን በካርታ ላይ መመዝገብ ነው። ሰዓቱ ወሳኝ ነው። በእረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ የታየ መንገድና ጠዋት ተማሪ፣ ሠራተኛና ዕቃ ጫኝ ሁሉ የሚጋፋበት መንገድ አንድ አይደሉም።

ልጆቹን መጠየቅም ለወጉ የሚደረግ አይደለም። በዴንማርክ የኦዴንሴ ከተማ በ1970ዎቹ ይህንን ሥራ ስትጀምር የት እንደሚፈሩ ተማሪዎቹን ጠየቀች። በኖርዌይ ኦስሎ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ተማሪዎች በስልክ መተግበሪያ አማካኝነት «እዚህ ጋ መኪና አይታየኝም»፣ «እዚህ መሻገር ያስፈራል» ብለው ለከተማው ያሳውቃሉ። መሐንዲስ ከመኪና ውስጥ የማያየውን ልጅ ከመሬት ያያል። አጥር አልፎ የወጣ ቁጥቋጦ፣ ከግቢ ወደ ኋላ የሚወጣ መኪና፣ የእግረኛውን መንገድ የዘጋ የግንባታ አሸዋ፣ የላላ የማንሆል ክዳን በአደጋ መዝገብ ላይ አይገኙም። ልጁን ከእግረኛ መንገድ አውርደው ወደ አስፋልት የሚገፉት ግን እነሱ ናቸው።

አንዳንዴ መፍትሔው አስገራሚ በሆነ መልኩ ቀላል ነው። በሩ ወደ ትልቁ መንገድ የሚከፈት ትምህርት ቤት በጓሮው በኩል ጸጥ ወዳለው ጎዳና ሌላ በር ቢከፍት፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ትልቁን መንገድ ማቋረጥ ይቀርላቸዋል። ወጪው የአንድ በርና የአንድ ጥበቃ ነው።

ተደራሽ ሲባል ምን ማለት ነው?

«ደህና» እና «ተደራሽ» ብዙ ጊዜ አብረው ይጠራሉ፤ ትርጉማቸው ግን አንድ አይደለም። ደህና መንገድ ጉዳት የማያደርስ ነው። ተደራሽ መንገድ ደግሞ ማንኛውም ልጅ፣ በዊልቸር የሚሄደውም፣ ማየት የተሳነውም፣ በክራንች የሚራመደውም ሰው ሳይለምን ሊጠቀምበት የሚችል ነው። በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ9ኛ አንቀጹ መንገዶችንና ትምህርት ቤቶችን አብሮ ያነሳል። ይህ ተገቢ ነው። ራምፕ ያለው የመማሪያ ክፍል ኖሮ እስከዚያ የሚያደርስ መንገድ ከሌለ፣ ክፍሉ ለልጁ የለም ማለት ነው።

ዝርዝሩ በሴንቲ ሜትር የሚለካ ስለሆነ ችላ ለማለት ይቀላል። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ለጤነኛ ልጅ አንድ እርምጃ ነው። ለዊልቸር ግን ግንብ ነው። እዚያ ላይ የሚያስፈልገው ራምፕ፣ ማለትም ደረጃን የሚተካ ተዳፋት፣ በብዙ አገር መመሪያዎች ከ1 ለ12 እንዳይበልጥ ይመከራል። 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ለማለት ወደ ፊት 180 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ቀጥ ካለ ልጁ በራሱ ክንድ መውጣት ያቅተዋል። ስፋትም አለ። ሁለት ዊልቸሮች እንዲተላለፉ 1.8 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይፈለጋል። መሃል ላይ የመብራት ምሰሶ ከተተከለ ያ ስፋት በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ማየት ለተሳናቸው የሚነጠፈው ባለ ጉብጉብ ንጣፍ ታሪክ ከዚህ ጉዳይ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ በ1965 ፈጠረው። በ1967 ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ላይ የተነጠፈው በኦካያማ ከተማ፣ በማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ትምህርት ቤት አቅራቢያ ነበር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በባቡር ጣቢያና በመስቀለኛ መንገድ የምናየው ንጣፍ የተማሪ መንገድ ልጅ ነው። አነጣጠፉ ግን ቋንቋ አለው። ክብ ጉብጉቡ «ቁም፣ ተጠንቀቅ» ይላል። ረጃጅም መስመሮቹ «በዚህ ቀጥል» ይላሉ። ለጌጥ ተብሎ ተቀላቅሎ ከተነጠፈ ልጁን ወደ አደጋ የሚመራ ውሸት ይሆናል።

የትራፊክ መብራት ሰዓትም አለ። ብዙ ጊዜ መብራቱ የሚሞላው እግረኛ በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል በሚል ግምት ነው። 12 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በዚህ ስሌት 10 ሰከንድ ይበቃዋል። በክራንች በሰከንድ 60 ሴንቲ ሜትር የሚራመድ ልጅ ግን 20 ሰከንድ ይፈልጋል። በ10ኛው ሰከንድ ላይ መሃል አስፋልት ላይ ነው። መብራቱን ማስረዘም ወይም መሃል ላይ መቆሚያ ደሴት መሥራት ቀላሉ መፍትሔ ነው። መስማት የተሳናቸውንም እዚህ ላይ ማንሳት ይገባል። ከኋላ የሚመጣ ጥሩምባ አይሰሙም። ለእነሱ ዋናው ጥበቃ ከመኪና የተለየ፣ ቀጣይ የሆነ የእግረኛ መንገድና ያልተሸፈነ እይታ ነው።

መኪና መኪናን ሲጠራ

ብዙ ወላጆች «መንገዱ አያስተማምንም» ብለው ልጃቸውን በመኪና ያደርሳሉ። ውሳኔው ምክንያታዊ ነው፤ ማንም በልጁ አይጫወትም። ነገር ግን የእያንዳንዱ ወላጅ ምክንያታዊ ውሳኔ ተደምሮ የሁሉንም መንገድ ያከብደዋል። በትምህርት ቤቱ በር የሚሰለፉ መኪኖች ይበዛሉ። ለማውረድ የእግረኛ መንገድ ላይ ይወጣሉ። ወደ ኋላ ይዞራሉ። በእግር የሚመጡት ልጆች መንገዳቸው ይጠብባል፤ ከዚያም ሌላ ወላጅ ይፈራና ልጁን መኪና ውስጥ ያስገባል። መኪና መኪናን ይጠራል።

የአሜሪካ አኃዝ ይህንን ያሳያል። በ1969 ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 8ኛ ክፍል ካሉ ተማሪዎች 48 በመቶው በእግር ወይም በብስክሌት ይሄዱ ነበር። በ2009 ወደ 13 በመቶ ወረደ። ምክንያቱ ፍርሃት ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤቶች ትልልቅ እየሆኑ ከሰፈር ውጭ፣ ርካሽ መሬት ባለበት ተሠሩ። ርቀቱ ጨመረ። ትምህርት ቤት የት እንደሚሠራ ሲወሰን የልጆች የዕለት ጉዞም አብሮ ይወሰናል፤ ይህ ግን በብዙ የከተማ ፕላን ውይይቶች ላይ ዘግይቶ የሚነሳ ጥያቄ ነው።

ክቡ በተቃራኒውም ይዞራል። ፒተር ጃኮብሰን የተባለ ተመራማሪ በ2003 የተለያዩ ከተሞችን አኃዝ አነጻጽሮ እንዳሳየው፣ የእግረኛ ቁጥር በእጥፍ ሲያድግ የተጎጂዎች ድምር የሚያድገው በ32 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የእያንዳንዱ እግረኛ አደጋ ያንሳል ማለት ነው። አሽከርካሪ ሰው ባለበት ይጠነቀቃል። ሆኖም ይህንን ይዞ «ልጆቹን ዝም ብላችሁ አውጧቸው» ማለት ስህተት ነው። ሰው የሚበዛው መንገዱ ሲስተካከል ነው። በሰውነታቸው መኪና እንዲያዘገዩ ልጆችን ማሰለፍ ደግሞ ከባድ በደል ነው።

የተሞከረውና የተለካው

በኒው ዮርክ የተደረገ ጥናት በ2013 ታትሟል። በትምህርት ቤቶች ዙሪያ የእግረኛ መሠረተ ልማት በተሠራባቸው አካባቢዎች፣ ተማሪ በሚመላለስበት ሰዓት የሚደርስ የልጆች ጉዳት በ44 በመቶ ቀንሷል። ባልተሠራባቸው አካባቢዎች ግን ብዙም አልተለወጠም።

የበለጠ የሚያስተምረው ግን በታንዛኒያ ዳሬሰላም የተሠራው ነው። አሜንድ የተባለ ድርጅት ተማሪዎች በብዛት የሚጎዱባቸውን ትምህርት ቤቶች እየለየ በአነስተኛ ወጪ የእግረኛ መንገድ፣ የፍጥነት ጉብታ፣ ዜብራና መኪና እንዳይወጣ የሚከለክሉ ቋሚዎችን ሠራ። ከዚያ ሥራው የተደረገላቸውን ካልተደረገላቸው ጋር አነጻጸረ። የጉዳት መጠኑ በ26 በመቶ ቀነሰ። ሥራው በ2019 የዓለም ሀብቶች ኢንስቲትዩት የሮስ ማዕከል ለከተሞች የሚሰጠውን ሽልማት አሸንፏል። ለዚህ ውጤት ሀብታም ከተማ መሆን አላስፈለገም። የት እንደሚጎዱ ማወቅና እዚያው ላይ መሥራት በቂ ነበር።

ሁለት ሌሎች አሠራሮችም ስማቸው ይነሳል። «የትምህርት ቤት ጎዳና» የሚባለው፣ ተማሪ በሚገባበትና በሚወጣበት ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ያህል የበሩን ጎዳና ለመኪና መዝጋት ነው። የጣሊያኗ ቦልዛኖ በ1989 ጀመረችው፤ ከ2020 ወዲህ በለንደን በብዛት ተስፋፍቷል። «የእግር አውቶቡስ» ደግሞ አውስትራሊያዊው ዴቪድ ኤንግዊክት በ1990ዎቹ ያስተዋወቀው ነው። ልጆች በቡድን፣ በተወሰነ መስመርና ሰዓት፣ አዋቂ እየመራቸው በእግር ይሄዳሉ፤ በመንገዱም ላይ እንደ አውቶቡስ እየቆሙ ሌሎችን ይጨምራሉ። ጥሩ ዘዴ ነው። ድክመቱ በበጎ ፈቃደኞች ላይ መንጠልጠሉ ነው። የሚመራው ወላጅ ሥራ ሲቀይር ብዙ ጊዜ አውቶቡሱም ይቆማል።

የመንገድ ደህንነት ሲባል መኪናን ብቻ ማሰብም አይበቃም። ሰው የሚፈራበት ሰፈር አለ። ቺካጎ ከ2009 ጀምሮ ተማሪ በሚያልፍባቸው መስመሮች ላይ የደንብ ልብስ የለበሱ የሰፈር ሰዎችን ታቆማለች። በ2013 ወደ 50 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉና ልጆች በማያውቁት ሰፈር ማለፍ ሲጀምሩ ፕሮግራሙን አስፍታዋለች።

የሚያከራክሩት

የኦንታሪዮ መንግሥት ካሜራውን ሲከለክል ያቀረበው መከራከሪያ ካሜራ ገንዘብ መሰብሰቢያ ሆኗል የሚል ነበር። ይህንን ቅሬታ አቃልሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ሰፊና ፈጣን መንገድ ሠርቶ፣ አንድ ሰሌዳ ተክሎ፣ ከዚያ የሚያልፈውን ሁሉ መቅጣት በእርግጥ ወጥመድ ይመስላል። ጉብታና ጠባብ መታጠፊያ ግን ማንንም አይቀጡም፤ ከመጀመሪያውም እንዳይፈጥን ያደርጋሉ። በዚህ ላይ ተቺዎቹ ትክክል ናቸው። የተሳሳቱት ጊዜውን ነው። ጉብታ እስኪሠራ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። በዚያ መሃል ካሜራው ሲነሳ የሚተካው ነገር የለም፤ ልጆቹ ግን ነገም ጠዋት ይሻገራሉ።

የእግረኛ ድልድይ ሌላው መከራከሪያ ነው። ደጋፊዎቹ ሰውና መኪና ሙሉ በሙሉ ይለያያሉ ይላሉ። በፈጣን አውራ ጎዳና ላይ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። በሰፈር መንገድ ላይ ግን ስሌቱን እንይ። 5.5 ሜትር ከፍታ ላይ ለመድረስ በ1 ለ12 ተዳፋት 66 ሜትር ራምፕ ያስፈልጋል፤ ለመውጣት 66፣ ለመውረድ 66። በደረጃ ብቻ ከተሠራ ደግሞ ዊልቸር ያለው ልጅ ቀርቷል ማለት ነው። ሌሎቹም ቢሆኑ ከባድ ቦርሳ ተሸክመው መውጣትን ትተው ከድልድዩ ሥር ይሻገራሉ። ከዚያ «ድልድይ እያለላቸው» ተብለው ይወቀሳሉ። በእኔ እምነት በሰፈር ውስጥ ድልድይ ብዙ ጊዜ መኪናው እንዳይዘገይ ሲባል ልጁን ማንከራተት ነው።

የጊዜ ክርክርም አለ። ፍጥነት ሲወርድ የሥራ ሰዓት ይባክናል ይባላል። 500 ሜትር የሚሆን የትምህርት ቤት አካባቢን በ50 ለማለፍ 36 ሰከንድ ይፈጃል። በ30 ከሆነ 60 ሰከንድ። ልዩነቱ 24 ሰከንድ ነው፤ ያውም መኪናው ሳይቆም በ50 ያልፍ ነበር ከተባለ። ዌልስ በ2023 በሰፈር መንገዶች ላይ መደበኛውን ገደብ ወደ 32 ኪሎ ሜትር ስታወርድ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ፊርማ ተቃውሞ ገጥሟታል። ቁጣው እውነተኛ ነበር። ከቁጣው የሚወሰደው ትምህርት ሰው የሚቀበለው ለምን እንደተወሰነ ሲነገረውና መንገዱ ከገደቡ ጋር ሲጣጣም መሆኑ ነው። ሰፊ መንገድ ላይ የተጫነ ዝቅተኛ ገደብ ጠብ ይጭራል።

መንገዱ የማን ነው?

በዚህ ሁሉ መሃል የሚቀረው ከባዱ ጥያቄ ባለቤትነት ነው። በሩ የትምህርት ቤቱ ነው። አስፋልቱ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ። ቱቦው የፍሳሽ ክፍሉ። ቅጣቱ የፖሊስ። ራምፑ ማንም «የእኔ ነው» የማይለው። ልጁ ይህንን ሁሉ በአንድ ጠዋት ያቋርጣል። የተሳካላቸው ቦታዎች ይህንን የተበታተነ ኃላፊነት ለአንድ አካል አስረክበዋል። በዴንማርክ በ1970ዎቹ የወጣ ሕግ ልጆችን በትምህርት ቤት መንገዳቸው ላይ ከመኪና መጠበቅ የአካባቢ ባለሥልጣናት ግዴታ እንዲሆን አድርጓል። በጃፓን ትምህርት ቤቶች ተማሪ የሚሄድበትን መስመር ራሳቸው ይመድባሉ። መስመሩ ስለሚታወቅ ቁጥጥሩም ይቻላል። በ2021 በያቺማታ ከተማ አንድ የጭነት መኪና ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆችን ገጭቶ ሁለቱ ሲሞቱ፣ አሽከርካሪው ሰክሮ እንደነበር ታወቀ። መንግሥት ግን በሰካራሙ ጥፋት ብቻ ጉዳዩን አልዘጋም። በመላ አገሪቱ የተመደቡት የትምህርት ቤት መስመሮች እንዲፈተሹ አዘዘ። መስተካከል ያለባቸው 76 ሺህ ያህል ቦታዎች ተገኙ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በትራፊክ አደጋ ይሞታሉ። ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይህ ነው። ከእነዚህ ስንቱ «የእግረኛ ጥፋት» ተብሎ ይመዘገባል የሚለው የተመካው በአደጋ ቅጹ ላይ ነው። ቅጹ የአሽከርካሪና የእግረኛ ጥፋት የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ብቻ ካሉት፣ መንገዱ ሁልጊዜ ነጻ ይወጣል። መዝጋቢው ሌሎች ጥያቄዎችንም እንዲሞላ ማድረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መንገዱ ምን ያህል ሰፊ ነበር? መኪኖች ከዚህ በፊት በምን ፍጥነት ያልፉበት ነበር? ከማቋረጫው በስንት ሜትር ላይ መኪና ቆሞ ነበር? ልጁ የሚሄድበት የእግረኛ መንገድ እዚያ ቦታ ላይ ነበረ ወይስ ተቋርጧል? የአራቱም መልስ ተጣርቶ፣ ከነቀኑ ተጽፎ፣ ለመንገድ መሥሪያ ቤቱ ከተላከ፣ የሚቀጥለው ልጅ ከመድረሱ በፊት የሚሠራ ነገር ይኖራል።